ያልተከፈለበት ስፌት

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ጅዳ ውስጥ አንድ ዓርብ ቡና ላይ ተነስቶ፣ በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ከታጠበ በኋላም ያላለቀ ነው። እንዲያውም አኩርፈን ተለያይተንበታል። ስለዚህ ወደ መጽሔታችን ባመጣው እናንተም ታስቡበታላችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ ጅዳ ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ትሠራለች። ሻዕባን ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማዳሟ ከዕቃ ቤት አንድ ትልቅ የሸራ ድንኳን አስወጣች። ቤተሰቡ በየረመዳኑ ከግቢው በር ላይ ይተክለውና መንገደኛ ያስፈጥርበታል። የሚመጡት የሕንፃ ሠራተኞች፣ ሾፌሮች፣ መንገድ ጠራጊዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ እንደ እኛው አገር የለቀቁ። የድንኳኑ ሁለት ማዕዘን ስፌቱ ተፈቷል፣ ገመድ የሚታሰርበትም ቦታ ተተርትሯል። የቤት የስፌት መኪና ሞከሩበት፣ ሸራው ወፍራም ነውና መርፌ ሰበረ። ውጭ ያለው ሰፊ ብዙ ብር ጠየቀ። በመጨረሻ ማዳሟ ወደ እህታችን ዞራ፣ «አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው፣ አንቺ ስፊው» አለቻት።

እህታችን ያን ጊዜ የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም ነበር። በጠየቀች ቁጥር «ባባ ከጉዞ ሲመለስ» ይሏታል፤ ባባ ሲመለስ ደግሞ «ከረመዳን በኋላ»። ልጇ አገር ቤት እናቷ ጋ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። ማታ የቤቱን ሥራ ጨርሳ፣ ሰገነት ላይ ወጥታ፣ ሸራውን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መርፌውን ይዛ ተቀመጠች። «ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ» አለችን። «አጥብቄ ልስፋው ወይስ አላልቼ?»

ይኼው ነው ጥያቄው። ደመወዝሽን ለከለከለሽ ሰው አጥብቆ መስፋት ይገባል ወይ?

መጀመሪያ የሥራውን ነገር ላውጋችሁ፣ ምክንያቱም ጥያቄው ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። ሰፈራችን የእድር ድንኳን ነበረን። ክረምት ሲወጣ አንድ ሽማግሌ አጎቴ ድንኳኑን ግቢያችን አስዘርግተው የተቀደደውን ይጠግኑ ነበር፣ እኔ ክር አቀብላለሁ። ሸራ እንደ ነጠላ አይሰፋም። ክሩ ድርብ ይሆናል፣ በሰም ይታሻል፤ ሰሙ ክሩን ከውኃ ይጠብቀዋል፣ በቀዳዳውም በኩል እንዳይተለተል ያደርገዋል። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይቀመቀማል። በወስፌ አስቀድሞ ይበሳል፣ ከዚያ መርፌው ይገባል። ስፌቱ ወደፊት ብቻ አይሄድም፤ አንድ ወደፊት ተወግቶ ግማሽ ወደኋላ ይመለሳል። እንዲህ ከሆነ አንዷ ክር ብትበጠስ እንኳ ሌላው አይፈታም። ማዕዘኑ ላይ፣ ገመዱ በሚጎትትበት፣ ከውስጥ ሌላ ቁራጭ ሸራ ይጣፍበታል። ነፋስ ድንኳንን የሚቀድደው ከመሐል ሳይሆን ከማዕዘን ነውና።

ማላላትም የራሱ ዘዴ አለው። ነጠላ ክር ትጠቀሚያለሽ፣ ሰም ትተያለሽ፣ ወደኋላ መመለሱን ትዘያለሽ፣ የውስጡን ቁራጭ አትጥፊም። ከላይ ሲያዩት ግን ያው ነው! የላላ ስፌትና የጠበቀ ስፌት በመጀመሪያው ቀን አይለዩም። ማዳሟ ብታይም አታውቀውም። የሚለያቸው ነፋስ ነው። ለዚህ ነው የሸራ ስፌት የሕሊና ጥያቄ የሚሆነው፤ ከሰፊዋ በስተቀር ማንም የማያውቀው ሥራ ነው።

እንግዲህ ቡናው ላይ ሁለት ቦታ ተከፈልን።

አንደኛዋ ወገን እንዲህ አለች፤ «ደመወዝ የሌለበት ታማኝነት ባርነት ነው። የሚከለክሉን እኮ ታማኝነታችንን አይተው ነው። ይቺ ከፈልኳትም አልከፈልኳትም ትሠራለች ብለው ነው። መልካም ሠራተኛ በሆንን ቁጥር የምንጎዳው እኛው ነን። ሸራው ይቀደድ! ያን ጊዜ የእጃችንን ዋጋ ያውቁታል።» ይህችን እህት አልፈርድባትም። አምስት ዓመት የሠራችበትን ገንዘብ ሳትይዝ ከአንድ ቤት የወጣች ሰው ናት።

ሌላዋ ደግሞ፣ «አላህ ያያል፣ እግዜር ያያል። አንቺ የድርሻሽን ሥሪ፣ ዋጋሽን ከላይ ታገኛለሽ። እጅሽን በክፉ አታስለምጂው» አለች። ይህም ከልብ የተነገረ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ይህን ቃል ስሰማ ትንሽ እፈራለሁ። ምክንያቱም ይህንኑ ቃል ከከልካዮቹም አፍ ሰምቼዋለሁ። «ታገሺ፣ አጅር አለው» ብሎ ደመወዝ የሚያስቀር ሰው የሰማዩን ዋጋ የምድሩን ዕዳ መሸሸጊያ እያደረገው ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶቻችን የሠራተኛን ዋጋ ሳያሳድሩ መክፈልን ያዝዛሉ፤ ማቆየቱንም ግፍ ብለው ይጠሩታል። ስለዚህ በሃይማኖት ስም «ዝም ብለሽ ሥሪ» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያነብበው።

እኔ በዚያ ክርክር መሐል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መካ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የምሠራላቸው ቤተሰቦች አንድ ቀን ልጆቹን ይዤ አብሬያቸው እንድሄድ አደረጉና፣ ኡሙል ጁድ ከሚባለው ሰፈር የሁለቱን ሐረሞች ሥነ ሕንፃ ኤግዚቢሽን አየሁ። እዚያው ሰፈር የካዕባ ልብስ፣ ኪስዋው፣ የሚሠራበት ፋብሪካ አለ። ክርስቲያን እህቶቼ መካ መግባት ስለማይችሉ ትንሽ ልተርክላቸው።

ኪስዋ ካዕባን የሚያለብሰው ጥቁር የሐር ልብስ ነው። ከፍታው 14 ሜትር ያህል ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ጥሬ ሐር፣ ከዚያም ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ወርቅ የተለበጠ ክርና ብር ክር ይገባበታል። ለብዙ ዘመን ከግብፅ ተሰፍቶ በካራቫን ይመጣ ነበር፤ ከካይሮ መምጣቱ ጨርሶ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። መካ ውስጥ የመጀመሪያው ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1927 አጅያድ በሚባለው ሰፈር ሲሆን፣ በ1977 ወደ ኡሙል ጁድ ተዛወረ። ሸመናውን ዛሬ በአብዛኛው ማሽን ይሠራዋል። የወርቁ ጥልፍ ግን አሁንም የእጅ ነው።

ጥልፉ እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ተወጥሮ ይታሰራል፤ ጥቁሩ ሐር በዚያ ላይ ይያያዛል። ጽሑፉ በሐሩ ላይ ይታተማል። ቀጥሎ ወዲያው ወርቅ አይገባም። ሰፊው የፊደሉን ሆድ በጥጥ ክር እየሞላ ያሳብጠዋል። ፊደሉ ከጨርቁ ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ጥጥ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የወርቁ ክር ከላይ የሚጋደመው። ሲያልቅ ደግሞ ልብሱ ሁሉ ከጀርባው ጠንካራ የጥጥ ሸራ ገበር ይሰፋለታል፤ ያለዚያ ክብደቱን አይሸከምም። ሰው የሚያየው ወርቁን ነው። ወርቁን የያዘው ግን ጥጡና ሸራው ነው። ይህ ሁሉ የሚቆየው አንድ ዓመት ነው፤ ኪስዋው በየዓመቱ ይቀየራል። ቀድሞ በዙልሂጃ 9፣ ሐጃጆች ዐረፋ በሚውሉበት ቀን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በሙሐረም 1 ሆኗል።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርሁ።

አንደኛው፣ የማይታየው ስፌት ለሚታየው መሠረቱ ነው። ይህን ሁላችንም በኑሯችን እናውቀዋለን። የዚህ አገር ቤቶች ንጹሕ ሆነው የሚያድሩት፣ ልጆች ጠግበው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ ሽማግሌዎች ታጥበው የሚተኙት በእኛ የውስጥ ስፌት ነው። እኛ ገበር ነን። ገበር አይታይም፣ ግን ሲቀደድ ልብሱ ይወድቃል።

ሁለተኛው ደግሞ ቡናው ላይ የተረሳው ነው። በዓለም ላይ ካለው ስፌት ሁሉ ለሙስሊም ከዚህ የሚከብር የለም። እንደዚያም ሆኖ የሚሰፉት ሰዎች ደመወዝተኞች ናቸው። «የአላህ ቤት ልብስ ስለሆነ በነፃ ስፉ» አልተባሉም። እንዲያውም በ1927 ፋብሪካው ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች ከህንድ የመጡ ሸማኔዎችና ጥልፍ ጠላፊዎች ነበሩ፤ እንደ እኛ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሠራተኞች። እንግዲህ የካዕባን ልብስ የሰፋ እጅ ደመወዝ ከበላ፣ የአንድ ቤት ድንኳን የሚሰፋ እጅ ለምን ይከለከላል? ቅዱስ ሥራ ደመወዝን አይሽርም። ለድሆች ፊጥር የሚሆን ድንኳን መትከል ትልቅ ሰደቃ ነው፣ አልክድም። ሰደቃው ግን ከራስ ኪስ ነው እንጂ ከሠራተኛ ኪስ አይወጣም።

እዚህ ላይ አንዲት እህት ትጠይቀኝ ይሆናል፤ «አጎትሽስ የእድሩን ድንኳን ሲሰፉ ማን ከፈላቸው?» ማንም። ያልተከፈለበት ሥራ ሁሉ ግፍ አይደለም። አጎቴ ያን ድንኳን የሰፉት ነገ እሳቸው ሐዘን ሲደርስባቸው ከሥሩ እንደሚቀመጡ፣ ሰፈሩም መጥቶ እንደሚያስተዛዝናቸው ስለሚያውቁ ነው። እንደዚያም ሆነ፣ ሲሞቱ ለቅሷቸው በሰፉት ድንኳን ሥር ተለቀሰ። እድር ውስጥ ዕዳው ይዞራል፤ ዛሬ ሰጪ ነገ ተቀባይ ነው። ቅጥር ሥራ ግን አይዞርም። ማዳሟ ነገ መጥታ የእህታችንን ቀሚስ አትሰፋላትም። በቅጥር ሥራ ውስጥ የሚዞረው ደመወዝ ብቻ ነው። እሱ ሲቆም ሁሉ ነገር ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ «እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነን» ሲሉን እንጠንቀቅ። ቤተሰብ ከሆንን ይዙር፣ ካልሆንን ይከፈል።

እንግዲህ ይህን ካልሁ የመጀመሪያዋ እህት ወገን የሆንሁ ይመስላል። አይደለሁም፤ ምክንያቱን ልናገር።

ስፌቱ የሚነካው ሁለት ሰዎችን ብቻ አይደለም። እህታችንና ማዳሟ አሉ፤ ግን ከሥሩ የሚቀመጥ ሦስተኛ ሰው አለ። ሚናን አስቡ። ድሮ ሐጃጆች የሚያድሩበት የሚና ድንኳን የጥጥ ሸራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በሐጅ ወቅት እሳት ተነሥቶ፣ ነፋስ እያዛመተው፣ 343 ሰው እንደሞተ በይፋ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ድንኳኖቹ ሁሉ እሳት በማይበላው የመስታወት ክር ጨርቅ፣ ቴፍሎን በተቀባ፣ ተተኩ። ይህን የማነሳው የሰፊዎቹ ጥፋት ነው ለማለት አይደለም፤ አልነበረምም። ድንኳን ማለት ጨርቅ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሰው እንደሆነ ለማሳየት ነው። የድንኳን ሥራ የሚመዘነው በባለቤቱ ሳይሆን በተጠለለው ነው።

እህታችን ሸራውን ብታላላው የሚወድቀው ማዳሟ ላይ አይደለም። ማዳሟ ውስጥ፣ በማቀዝቀዣ ሥር ነው የምታፈጥረው። ምሰሶው የሚወድቀው፣ ትኩስ ሾርባው የሚደፋው በዚያ መንገድ ጠራጊ ላይ ነው። እሱም ምናልባት የሦስት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ነው። በማዳሟ ላይ የተነሣ ቁጣ እሱ ላይ ያርፋል ማለት ነው። የማበላሸት ክፋቱ ይህ ነው፤ የተበዳይ እጅ ሌላ ተበዳይን ይመታል።

ለዚህ ነው በሁለት ነገሮች መሐል መለየት ያለብን የሚመስለኝ። እምቢ ማለት አንድ ነው፣ ማበላሸት ሌላ ነው። «ደመወዜ እስኪከፈለኝ ይህን ተጨማሪ ሥራ አልሠራም» ማለት ግልጽ ነው፤ ለዕዳው ባለቤት ፊት ለፊት ይነገራል፣ ማንንም አያታልልም። ማላላት ግን ሰፋሁ እያሉ አለመስፋት ነው፤ የሚታለለው ደግሞ ከሥሩ የሚቀመጠው ነው። እምቢታ በቅጥር ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መብት ነው፣ ነውርም የለበትም።

«እምቢ ማለት እንዲህ ቀላል ነው?» ትሉኛላችሁ። አይደለም። ፓስፖርቷ በሰው እጅ ላለ፣ በሩ ለተቆለፈባት፣ ስልኳ ለተወሰደባት፣ እምቢታ ዱላ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ፈርታ የሠራችን፣ ወይም ተናዳ ያላላችን እህት እዚህ ቁጭ ብዬ አልኮንንም። ማንም መርፌዋን በራብ ከያዘች ሴት ላይ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ያስራባትን ይጠይቅ። ነገር ግን አለመኮነንና ትክክል ነው ማለት ይለያያሉ። በቤታችን ቋንቋ፣ ይቅር ማለትና ማጽደቅ አንድ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ አንድ ስሕተት አለ፣ ሁለቱም ወገኖች የተሳሳቱት። አንደኛዋ «አጥብቄ ከሰፋሁ ዕዳውን ማርሁ ማለት ነው» ብላ ታስባለች። ሌላዋ «አጥብቄ ከሰፋሁ ዕዳውን ለሰማይ አስተላለፍሁ» ትላለች። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ስፌቱን ማጥበቅ ከሥሩ ለሚቀመጠው ያለብኝ ነው። ደመወዜ ደግሞ ማዳሟ ለእኔ ያለባት ነው። አንዱ ሌላውን አይከፍለውም። ሁለት ሂሳብ ነው፣ በሁለት ገጽ ይጻፍ።

መጻፍ ስል በእርግጥ መጻፍ ማለቴ ነው። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍትና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖረን፣ ደመወዛችንም በየወሩ መጨረሻ እንዲከፈለን ደንግጎ ነበር። ከ2024 ወዲህ ደግሞ አዲስ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል፤ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በሙሳነድ በኩል በባንክ ወይም በስልክ ዋሌት እንዲከፈል በየደረጃው ተደርጓል፣ ማን እንደከፈለና እንዳልከፈለ እንዲታወቅ። ደንብ በወረቀት ላይ የተጻፈ ስፌት ነው፤ ጠብቆ እንደሆነ የሚታወቀው ስንጎትተው ነው። ለመጎተት ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የተከፈለሽበትን ቀን፣ ያልተከፈለሽበትን ወር፣ በደብተርም ሆነ በስልክ መዝግቢ። የውልሽንና የኢቃማሽን ፎቶ አገር ቤት ላለ የምታምኚው ሰው ላኪ። ጅዳ የአገራችን ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ብቻሽን ከምትሄጂ ከማኅበራችን ሰው ጋር ሂጂ።

ስለ አክብሮትም አንድ ነገር ልበል፣ ሌላውን ብቻ እንዳንከስ። እኛም አገር የእጅ ባለሙያ ይናቅ ነበር። ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ አንጥረኛውን እየሰደብን፣ የሠሩትን ለብሰን፣ በሠሩት በልተን ኖረናል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። ዛሬ ሰው አገር «ኸዳማ» ተብለን ስንናቅ የሚያመን ሕመም፣ ያኔ ለእነሱ ያልታወቀላቸው ሕመም ነው። ስንመለስ፣ የራሳችንን ቤት ሠራተኛ በምን ዓይን እናያታለን? ደመወዟን በየወሩ ቀኑን ጠብቀን እንከፍላለን? ይህን ለራሳችን እንጠይቅ።

አሁን እህታችን ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፤ መጠየቃችሁ አይቀርም።

አጥብቃ ሰፋችው። ድርብ ክር፣ ሰም ስላልነበራት የሻማ ጭራ አሽታበት፣ ማዕዘኖቹ ላይ ከአሮጌ ሸራ ቁራጭ ጥፋ። ሦስት ሌሊት ፈጀባት፣ ሁለት ጣቷ ቆስሎ ነበር። በነጋታው ሸራውን ለማዳሟ ስትሰጣት እንዲህ አለቻት፤ «ይኼ አልቋል። የሦስት ወሬን መቼ ነው?» ሁለቱን በአንድ ቃል፣ በአንድ ትንፋሽ። ማዳሟ አልመለሰችላትም። ከሳምንት በኋላ የሁለት ወሩ ተከፈላት። አንዱ ወር እስካሁን አለ፤ በደብተሯ ላይ።

በረመዳን አጋማሽ አንድ ማታ ነፋስ ከአሸዋ ጋር ተነሣ። ገመዱ ጮኸ፣ ሸራው ተወጠረ፣ አልተፈታም። ከሥሩ የነበሩት ሰዎች ቴምራቸውን በልተው፣ ጸልየው፣ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ማንም ስፌቱን ልብ አላለም። ጥሩ ስፌት እንደዚህ ነው።

ለምን አጠበቅሽው ብለን ጠየቅናት። «ባላላው ኖሮ» አለች፣ «ሠላሳውን ሌሊት ነፋስ ሳዳምጥ አድር ነበር። ደመወዜን ወስደዋል፣ እንቅልፌን ደግሞ አልሰጣቸውም።»

ያቺ አምስት ዓመት ሠርታ ባዶ እጇን የወጣችው እህት ግን ዝም አላለችም። «መልካም» አለች፣ «አንቺ እንቅልፍሽን አዳንሽ። ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝሽን ይዛ ያደረችው ማዳምስ እንዴት ነው እንቅልፍ የወሰዳት?»

ይህን የመለሰላት የለም። ሲኒው ታጥቦ ነበር፣ የመመለሻ ሰዓታችንም ደርሶ ነበር። የምታውቁት መልስ ካለ ጻፉልን።